ሰጋቱራ እና የጋሽ ኪሮስ ትንፋሽ

ሥራ ካቆምኩ ወዲህ የቸገረኝ ነገር ቢኖር የአፍንጫዬ ንጹሕ መሆን ነው። ዕድሜ ልኬን ጠዋት ጠዋት ስናፈጥ የሚወጣው ሰጋቱራ ነበር፤ አሁን ምንም የለም። የጎረቤት ወጥ ሲያር ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚሸተው ለእኔ ነው። ሰው "እንኳን ደስ አለሽ፣ አረፍሽ" ይለኛል። ምን ዕረፍት አለ! ጉልበቴ ከዳኝ እንጂ እጄ መቼ ደከመ? ባለፈው ሳምንት የራሴን በር ማጠፊያ ያለ አንዳች ምክንያት ፈትቼ መልሼ ገጠምኩት። ልጄ አይታኝ "እማዬ፣ በሩ ምን አደረገሽ?" አለችኝ። መፍቻውን ጉያዬ ሸሸግሁ።

ትርንጎ እባላለሁ፤ ሰቆጣ መጥታችሁ "አናጢዋ ትርንጎ" ካላችሁ ማንም ያሳያችኋል። ይህን የማወራው ለመኩራራት አይደለም። ብኩራራስ ማን ይከለክለኛል! ግን ወሬዬ ስለ አንድ ጎማ ነው። አዎ፣ ጎማ። መጋዝን ከብናኝ መሳቢያ ማሽን ጋር የሚያገናኝ፣ እንደ አንጀት የተጠቀለለ ጎማ። በሥራ ዘመኔ ስንት በርና ስንት አልጋ ሠርቻለሁ፤ እንደዚያ ጎማ ያሳቀኝና ያስለቀሰኝ ሥራ ግን የለም።

ሥራ የጀመርኩት ወልድያ ነው፤ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ውስጥ፣ በጠራጊነት። አለቃችን ሴት ወደ ማሽን ከተጠጋች ማሽኑ ይበላሻል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። እኔ እጄ መጥረጊያ ላይ ይሁን እንጂ ዓይኔ ከመጋዙ አይነቀልም። አንድ ቀን ባለማሽኑ ሳይመጣ ቀርቶ ደንበኛ በር ላይ ሲጮህ፣ አለቃው ግራ ቀኙን አየና "በሉ እስቲ እሷም ትሞክር" አለ። ሞከርኩ። ማሽኑም አልተበላሸ፣ እኔም አልተበላሸሁ። ከዚያ ወዲያ መጥረጊያ የያዝኩት የራሴን ሰጋቱራ ለመጥረግ ብቻ ነው።

ከወልድያ አምደወርቅ ሄድኩ፤ የትምህርት ቤት ዴስክ ልንሠራ። የዚያ አለቃ ልቡ ደግ ነበር፤ እንጨት ግን አያውቅም። ገና ውሃው ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ያመጣና "ዛሬውኑ ዴስክ ይሁንልኝ" ይላል። ዴስኩ ክረምት ሳይገባ ይጣመማል፤ ልጆቹ እየተወዛወዙ ይጽፉበታል። ቀጥሎ ኒሯቅ፣ የቢሮ በሮች። እዚያ ሙቀቱ አይጣል ነው፤ ደህና የደረቀ ጣውላ እንኳ በእኩለ ቀን ጧ ብሎ ሲሰነጠቅ ትሰማላችሁ። ደመወዙን አታንሡብኝ፤ አንዳንዱን ወር ይመጣል፣ አንዳንዱን ወር ይረሳል። ግን በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ እንጨት የሚያድርበትን አገር አየር አብሮ እንደሚጠጣ ተማርኩ። ሙያ ያልኩትን ሙያ የተማርኩት ግን ሰቆጣ፣ ከጋሽ ኪሮስ ነው።

ጋሽ ኪሮስ የእንጨት ሥራ ማኅበራችን መሥራች ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቸኩለው የማያውቁ ሰው። የገጠር ገበሬዎች ዕቃ ሊያዙ ሲመጡ ከእነሱ ጋር በአገውኛ ይጫወታሉ፤ ከእኛ ጋር በአማርኛ ይቆጣሉ። ጠርዝ የሚፈትሹት በመዳፋቸው ሳይሆን በእጃቸው ጀርባ ነው። "መዳፍ ሥራ ለምዶ ደንቁሯል፤ የእጅ ጀርባ ግን አይዋሽም" ይላሉ። ከመቁረጣቸው በፊት ደግሞ መጋዙን ሳያስነሡ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይሄዱታል። "ባዶውን ሂጂው" ይሉኛል። "እንጨቱ የት ላይ እንደሚያስቸግርሽ አስቀድሞ ይነግርሻል።" መጀመሪያ ሰሞን ይሄ ነገር ያናድደኝ ነበር። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ እሳቸው ባዶ መጋዝ ይዘው ይንሸራሸራሉ! አንድ ጊዜ "ጋሽዬ፣ ሰውዬው እኮ ሊመሽበት ነው" ብላቸው፣ "ይምሽበት፤ በሩ ሲጣመም ከሚመሽበት አሁን ይምሽበት" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ እኔም ባዶውን ሳልሄድ የቆረጥኩት እንጨት የለም።

በእሳቸው ዘመን ዋንዛ ነበር ሥራው። ዋንዛ ሲቆረጥ ሰጋቱራው እንደ እህል እፍኝ እፍኝ ብሎ እግር ሥር ይወድቃል፤ ይጠረጋል፣ አለቀ። በኋላ የሰዉ ፍላጎት ተለወጠ። ሙሽራ ሁሉ የሚያብለጨልጭ ቁም ሣጥን አለች፤ ፋብሪካ የጨፈለቀው ኤምዲኤፍ የሚሉት ጣውላ ከወልድያ በመኪና መምጣት ጀመረ። የኤምዲኤፍ ሰጋቱራ ሰጋቱራ አይደለም፣ ዱቄት ነው። አይወድቅም፤ ይንሳፈፋል። ቤቱን ሞልቶ በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ላይ ሲርመሰመስ ይታያል፤ ትተነፍሱታላችሁ። እኛ አፋችንን በሻሽ አስረን ሠራን። ጋሽ ኪሮስ ሻሹም ሳያድናቸው መሳል ጀመሩ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት፣ ቀጥሎ ቀኑን ሙሉ። በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይስሉ መጨረስ አቃታቸው።

ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ቃሏ ግን ቁርጥ ያለ ነው። "አባባ፣ ሳንባዎ ከዚህ በላይ ዱቄት አይችልም። አንድ ክፉ ቀን ቢያጋጥምዎት መልሼ ላላገኝዎት እችላለሁ፤ ብናኝ ያለበት ቤት አይግቡ" አለቻቸው። አብሬ ነበርኩና ሰምቻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ኪሮስ በርጩማቸውን አወጡና ከወርክሾፑ ውጭ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጡ። በመስኮት እየጮሁ ያሠሩን ነበር። "አንቺ፣ ማዕዘኑን አየሽው?" "ጌታወይ፣ ምስማሩ ገደል ገባ እኮ!" ጌታወይ ባለማሽናችን ነው፤ ጎበዝ፣ ሣቂታ፣ ነገር ቶሎ የሚገባው ጎልማሳ። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ጩኸቱ እየቀነሰ መጣ። አንድ ቀን አንድ ቃል ሳይናገሩ ዋሉ።

ደነገጥኩ። ወጣሁና አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

"ጋሽዬ፣ ምነው ዝም አሉ? አሞዎት ነው?"

"ምን ልበል ትርንጎ" አሉኝ፤ ሳሉ መጣባቸው፣ ጠበቅኋቸው። "እጄ ያልነካው ሥራ፣ በመስኮት የማየው... የሌላ ሰው ሥራ ነው። ቤት ብውል ይሻላል።"

ቤት የዋለ ባለሙያ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ ዓይኑ ደክሞ መወርወሪያውን የሰቀለ ጊዜ ክረምቱን አልዘለቀም። እልህ ያዘኝ። "ወደ ውስጥ እመልስዎታለሁ" አልኳቸው።

"በምን?"

"በምን እንደሆነ ገና አላውቅም። ግን እመልስዎታለሁ።"

ሣቁብኝ። ሣቁም ወደ ሳል ተለወጠ።

ቀደም ሲል ጦርነቱ ወርክሾፓችንን ባዶ አድርጎት ስለ ነበር የምንሠራው በተለቃቀመ ዕቃ ነበር። በዚህ መካከል አንድ ረጂ ድርጅት ማሽኖች ሰጠን። አንደኛው ሳጥን ውስጥ ረጅም የብረት ሐዲድና በላዩ የሚንሸራተት መጋዝ ነበር። ሐዲዱን ጣውላው ላይ ታስተኛላችሁ፣ መጋዙን ታሳፍራላችሁ፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጌታወይ አንድ ጊዜ ገፋ አድርጎት "እሰይ! ሰቆጣ ባቡር ገባላት!" አለ፤ ስሙም ባቡሩ ሆኖ ቀረ። በሌላው ሳጥን ደግሞ ብናኝ መሳቢያው ማሽን መጣ፤ በርሜል የሚያህል ሆድ ያለው፣ ሲነሣ የሚያጓራ። እሱን ጠጪው አልነው። ባቡሩ ከኋላው የሰጋቱራ መውጫ አፍ አለው፤ ጠጪው ጎማ አለው። ጎማውን ከአፉ ብታገናኙ ዱቄቱ ገና ከጥርሱ ሥር ሳይነሣ ይጠጣል፤ ወደ ቤቱም ወደ ሰውም አይደርስም። ልቤ ዘለለ። "ይኸው በምን ላሉት!" አልኩ።

ጎማውን አንሥቼ ወደ ባቡሩ አፍ አስጠጋሁት። አልገጠመም። ባቡሩና ጠጪው ከተለያየ ፋብሪካ የመጡ ናቸው። የባቡሩ አፍ ጠበብ ያለ፣ እንቁላል መሰል ቅርጽ ያለው ነው፤ የጎማው አፍ ሰፊና ክብ። አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ ይንቀዋለላል። ጨርቅ ጠቅልለን በፕላስተር አሰርነው፤ ጠጪው ሲነሣ ጨርቁን ራሱን ዋጠው። በስንጥቅ አየር ከገባ ደግሞ ማሽኑ የሚጠጣው አየር ነው፤ ዱቄቱ እንደ ድሮው ይንሳፈፋል።

ባቡሩን በነጠላዬ ጠቅልዬ ሰይድ ሱቅ ወረድኩ። ሰይድ ገበያው አጠገብ የቧንቧ ዕቃና የባጃጅ ጎማ ይሸጣል፤ አባቱም እዚያው ሱቅ ነጋዴ ነበሩ። ታቅፌ ስገባ አይቶ "ማሻ አላህ እትዬ ትርንጎ! በዚህ ዕድሜ?" አለኝ።

"ዝም በልና አፉን እይልኝ። ጡጦ አልገጥም ብሎኛል።"

ሱቁ ውስጥ ያለውን የቧንቧ መቀጠያ ሁሉ አንድ በአንድ ሞከርነው። አንዱ ይጠባል፣ አንዱ ይሰፋል፣ አንዱ ይገባና አይወጣም። ደንበኛ ገብቶ ወጣ፣ ሌላ ገባ። በመጨረሻ ሰይድ ላቡን ጠርጎ "እትዬ፣ ይሄ አፍ የሰው አገር አፍ ነው" አለኝ። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

መላውን ያመጣው ጌታወይ ነው። አባቱ ገበሬ ናቸው። "እትዬ፣ እኛ ቤት ምን ይደረጋል? የተሰነጠቀ ሞፈር በእርጥብ ቆዳ ይታሰራል፤ ቆዳው ሲደርቅ ይጨብጣል። ከብረት ይጠነክራል" አለ። እውነቱን ነው። ዋግ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ እንኳን ሞፈር አልጋውም የሚጠፈረው እንደዚያ ነው። ጋሽ ኪሮስም በመስኮት ሰምተው "ልክ ነው፣ ቆዳ... ቆዳ አይለቅም" አሉ። ከገበያ የፍየል ቆዳ አመጣሁ፤ ጠጉሩን ፋቅን፣ ነከርን፣ እንደ እጅጌ ሰፋሁት። አንዱን ጫፍ በባቡሩ አፍ ላይ፣ ሌላውን በጎማው ላይ አልብሰን በጠፍር ጥርቅም አድርገን አሰርን። ፀሐይ ላይ ሲደርቅ እንደ አጥንት ሆነ። ብትጎትቱት አይወልቅም፣ አየር አያስገባም። ተነሣ ጠጪው ብለን ትንሽ ቁራጭ ቆረጥን፤ አንዲት ብናኝ አልታየችም። ጌታወይ ጨፈረ። እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ እልል አልኩ።

ጋሽ ኪሮስ ገቡ። ከስንት ወር በኋላ ያችን ደፍ ተሻገሩ። ያን ሰሞን ትንንሽ ቁራጮች ቆረጡ፤ ሳሉም ቀነስ ያለ መሰለን። ከዚያ የቁም ሣጥን ትእዛዝ መጣ፤ ጣውላውን ከጫፍ እስከ ጫፍ መሰንጠቅ ነበረብን። የጠጪው ጎማ አጭር ነውና እንዲደርስልን ማሽኑን ሣጥን ላይ ሰቀልነው። ጋሽ ኪሮስ እንደ ልማዳቸው ባዶውን ሄዱት። ባቡሩ ከዳር እስከ ዳር እንደ ቅቤ ሄደ። ጎማውም ለሰስ ብሎ ተከተለው።

ሁላችንም ያልተገነዘብነው አንድ ነገር ነበር። ባዶውን ስንሄድ ጠጪው አልተነሣም። ጠጪው ሲነሣ ያ ጎማ ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ያጥራል፣ ይገተራል። መጋዙ ወደ ፊት ሲሄድ ጎማው መዞር ይፈልጋል፤ የእኛ ቆዳ ግን ጨብጦታል፣ አይዞርም። ትንሹ ቁራጭ ላይ ይህ አልታየም። ረጅሙ ጣውላ ላይ፣ ከመንገዱ ከግማሽ በላይ እንደ ሄዱ፣ ጎማው እንደሚጠመዘዝ ልብስ ተቋጠረና የሐዲዱ ጫፍ ላይ ተሰነቀረ።

ባቡሩ ከሐዲዱ ተነሥቶ ወደ ኋላ ዘለለ። ጌታወይ ዘሎ ሶኬቱን ነቀለ፤ ጥርሱ ማንንም አልነካም፣ እግዜር ይመስገን። ግን የዘለለው መጋዝ ጎማውን ጎተተው፣ ጎማው ጠጪውን ከሣጥኑ ላይ ጎተተው። ወደቀና ክዳኑ ተከፈተ። ያ ሁሉ ሲጠጣ የሰነበተው ዱቄት በአንድ ጊዜ ወጣ፤ እርስ በርስ መተያየት አቃተን። "ጋሽዬ!" ብዬ ጮህኩ። መልስ የለም። በእጄ እየዳሰስኩ አገኘኋቸው፤ ተንበርክከዋል፣ አፋቸው ተከፍቷል፣ አየር ግን አይገባም። ተሸክመን አወጣናቸው። ባጃጅ ላይ እጃቸውን ይዤ ሳለሁ ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር።

ሆስፒታሉ ኦክስጅን አደረገላቸው። ባለቤታቸው እትዬ ለተብርሃን ከቤት ስትሮጥ መጣች። ጸጉሬ፣ ቅንድቤ፣ ልብሴ ሁሉ ዱቄት ነው። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"ትርንጎ፣ ባሌን በእንጨት ዱቄት ልትቀብሪው ነው ወይ?"

ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ማልቀስ አልወድም፤ ያን ቀን ግን እንደ ልጅ ነው ያለቀስኩት።

ጌታወይ "እትዬ፣ ይቅርብን። ማሽኑንም እንመልሰው" አለኝ። "አንተ ከፈለግህ ይቅርብህ" አልኩት። ክፉ አነጋገር ነበር፤ ግን ከዚያ በቀር የሚወጣኝ ቃል አልነበረም። ቢቀር እኮ ሰውዬው ቤት ይውላሉ፤ ቤት ከዋሉ ደግሞ ያው ነው፣ ቀስ ብሎ መሞት ነው።

ትንሽ ሻል ሲላቸው ልጠይቃቸው ገባሁ። ዓይናቸውን ገልጠው መጀመሪያ ያሉኝ ነገር "ቆዳውን ፈታችሁት?" ነው።

"ቀደድነው።"

"ደግ አደረጋችሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የእኛም ቆዳ እንደዚያው ነው።" ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ተኙ ስል መልሰው ገለጡ። "በሬ ቀንበር ውስጥ አንገቱን ያዞራል፣ አይደል? ቀንበሩ ይይዘዋል እንጂ... አልተሰፋበትም።"

እትዬ ለተብርሃን ከራስጌው ብድግ አለች። "እዚህም ሥራ ነው ወሬያችሁ? ውጪልኝ! እናንተን ብሎ አልጋ ላይ ወድቆ ደግሞ!" ወጣሁ። ግን በደረጃው ስወርድ ልቤ እየሮጠ ነበር። መያዝ ሌላ፣ መስፋት ሌላ! እኛ አገር ሰው ጠንካራ ነገር ሲል ጥርቅም አድርጎ ማሰር ይመስለዋል። ይህ ሥራ ግን ጥርቅም ብሎ የማይወልቅ፣ እንዲያም ሆኖ የሚዞር መጋጠሚያ ይፈልጋል።

ቀጥ ብዬ ሰይድ ሱቅ። የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጮች ወሰድኩ። የቧንቧ ሠራተኞች ቧንቧ ለመቀጠል ጫፉን በከሰል ሲያለሰልሱ አይቼ አውቃለሁ። እኔም ከሰል አያያዝኩና የቧንቧውን ጫፍ አለሰለስኩ፤ ለስላሳ ሳለ ባቡሩ አፍ ላይ ጫን አደረግሁት። የመጀመሪያው ተቃጠለ። ቀጣዩ ተጨማደደ። ከዚያ ወዲያ ጣቴን አቃጠልኩና ለጣቴም ለቧንቧውም እርግማን አወረድኩ። ጌታወይ ሣቅ አለና ከሰሉን ከእጄ ወሰደ፤ ኩርፊያችንም በዚያው ቀረ። እሱ ያሞቃል፣ እኔ እጭናለሁ። ቀኖቹ አለፉ። መጨረሻ ላይ ቧንቧው ያን እንቁላል መሰል አፍ እንደ ጓንት ለበሰው፤ ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይዞ ቀረ። ከባጃጅ የውስጥ ጎማ፣ ከከመነዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ አጥብቀን አሰርነው። ይህ ወገን አይዞርም፣ መዞርም የለበትም።

ሌላው ወገን ላይ ነው ቀንበሩ። ቧንቧውን ሌላ ሰፋ ያለ ቧንቧ ውስጥ አስገባነው፤ ሰፊው ከጎማው ጋር ታሰረ። የውስጠኛውን ጫፍ በእሳት ወደ ውጭ ገልበጥ፣ የውጭኛውን ወደ ውስጥ ሰብሰብ አደረግነው። ከንፈር ለከንፈር ይያያዛሉ፤ ብትጎትቱት አይወጣም፣ ብታዞሩት ግን ይዞራል። መጀመሪያ ሲዞር ያንቃጭልና አየር ያስገባ ነበር። ሰም ቀባንበት። የዋግ ማር ይመስገን፣ ሰም መቼ ይቸግረናል! ሰሙ ክፍተቱን ደፈነው፣ መዞሩንም አለዘበው። ጌታወይ በአንድ ጣቱ እያዞረ "ይኸው በሬው አንገቱን አዞረ!" አለ።

ግን አንድ ጊዜ የወደቅሁበትን መንገድ እንዲሁ አልሄድበትም። ጎማውን ከባቡሩ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር በከመነዳሪ ቁራጭ አንድ ላይ አሰርነው፤ ሁለት ነገር ከሚሰነቀር አንድ ይሻላል። ገመድ በጣሪያው ወራጅ ላይ አሳልፈን አንጠለጠልነው፤ በገመዱ ሌላ ጫፍ ላይ አሸዋ የሞላ ከረጢት ታሰረ፤ ባቡሩ ሲሄድ ጎማው በአየር ላይ ይከተለዋል፣ ጣውላውን አይነካም። በሐዲዱ ጫፍ ላይ ላሜራ አጥፈን ገጠምን፤ ጎማው ቢወርድ እንኳ ተንሸራቶ ያልፋል። ሰይድ መቀጠያ ጎማ ከወልድያ አስመጣልን፤ ጠጪውም መሬት ወርዶ ከግድግዳው ጋር ታሰረ፣ ክዳኑም በጠፍር። ለክዳኑ ቆዳ ጥሩ ነው፤ እሱ እንዲዞር አንፈልግም። ከዚህ በኋላ ባዶውን የምንሄደው ጠጪውን አስነሥተን ነው። መጀመሪያ ጠጪው፣ ቀጥሎ ባቡሩ፤ ሲጠፋም ባቡሩ ይቀድማል። ሆዱን የምናራግፈው ደግሞ ውጭ ወስደን፣ ነፋሱን ከኋላችን አድርገን ነው።

ሥራው አለቀ፤ ዋናው ችግር ግን ገና ነበር። እትዬ ለተብርሃን ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ኪሮስ ከሆስፒታል ወጥተው በረንዳ ላይ ነበሩ፤ ከሲታ ሆነዋል፣ ግድግዳ ግድግዳ ያያሉ። እሷ ገና ሳታስቀምጠኝ "አይሆንም" አለች።

"ገና ምንም አላልኩ እኮ።"

"ገና ስትገቢ አውቄዋለሁ።"

"እትዬ፣ እንዲገቡ አልጠይቅሽም። አንቺ ነይና እዪ። የዛን ቀን ያየሽውን እኔም አይቻለሁ፤ ሁለተኛ ማየት አልፈልግም። አንቺ አይበቃም ካልሽ ማሽኑን ራሴ ፈትቼ ሳጥኑ ውስጥ እመልሰዋለሁ፣ ሁለተኛም ደጅሽ አልመጣም።"

ወደ በረንዳው ዞር ብላ ባሏን አየች። "መብራት በመጣ ቀን ላኪብኝ" አለች።

መብራት መጣ፣ ላክሁባት። የመጣችው የታጠበ፣ ጸአዳ ነጠላ ለብሳ ነው፤ ለበዓል የመጣች ይመስል። ጋሽ ኪሮስን ውጭ መስኮቱ ሥር አስቀመጠቻቸው፣ እሷ ራሷ በርጩማ ይዛ ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ፣ ሰጋቱራ በሚወረወርበት በኩል ቁጭ አለች። "እትዬ፣ ራቅ በይ" ቢላት ጌታወይ፣ "እሱ የሚቆመው እዚህ አይደል? እዚሁ እቀመጣለሁ" አለችው። ረጅም የኤምዲኤፍ ጣውላ አስተኛን። ጠጪው አጓራ። ባዶውን ሄድኩት። ከዚያ ባቡሩን አስነሣሁና ገፋሁ።

የመጀመሪያው ሙከራ የቆመበት ቦታ ላይ ስደርስ ቀስ አልኩ። ጎማው ከላይ ዞር አለ፣ መጋጠሚያው አብሮ ዞረ፣ የአሸዋው ከረጢት ቀስ ብሎ ወረደ፤ ባቡሩ አለፈ። እስከ ጫፍ ሄደ። አጠፋሁት። ጠጪው ትንሽ ቆይቶ ዝም አለ።

እትዬ ለተብርሃን ተነሣች። ነጠላዋን አወለቀች፣ ወደ በሩ ሄደች፣ ፀሐይ ላይ ዘርግታ አራገፈችው። ምንም አልወጣም። ገለበጠችና በሌላው በኩል አራገፈችው። ተመልሳ መጣችና ጣቷን በተቆረጠው ጠርዝ ላይ ሰደደች፤ አሳየችኝ። ጣቷ ጫፍ ላይ ስስ ዱቄት ነበረ።

"ጥቂት አለ" አለች።

መዋሸት አላስፈለገኝም። "አለ። ጠርዝ ላይ የሚቀር አለ። እሱን በእርጥብ ጨርቅ እናነሣዋለን፤ አይንሳፈፍም" አልኩና አነሣሁላት። ጨርቁን ተቀብላ አየችው። ከውጭ የጋሽ ኪሮስ ግንባር ብቻ በመስኮቱ ይታያል።

"መጥረጊያ የሚባል ነገር እዚህ ቤት ውስጥ እንዳላይ፤ ዱቄት ያስነሣል" አለች በመጨረሻ። ወደ መስኮቱም ዞራ ጮኸች፦ "ምን ትገተራለህ እዚያ? ግባ እንጂ!"

ገቡ። ሻሹን በአፋቸው ላይ እሷ ራሷ አሰረችላቸው። ጌታወይ አዲስ ጣውላ አስተኛ። እትዬ ለተብርሃን የባቡሩን ሶኬት በእጇ ጨብጣ፣ ሊነቅል እንደ ተዘጋጀ ሰው ግድግዳው ሥር ቆመች፤ ዓይኗ ከባሏ ደረት አልተነቀለም። ጋሽ ኪሮስ ባዶውን ሄዱት፣ ጠርዙን በእጃቸው ጀርባ ነኩት፣ ከዚያ ቆረጡ። ባቡሩ ጫፍ ደረሰ፣ ጠፋ። ሁላችንም ሳሉን ጠበቅን። ጋሽ ኪሮስ ሻሹን ዝቅ አድርገው በረጅሙ ተነፈሱ። ሳሉ አልመጣም።

እትዬ ለተብርሃን ሶኬቱን ሳትለቅ ወደ ጌታወይ ዞረች።

"ምን ታፈጣለህ? ሌላውን አምጣለት።"